አምስት መዝሙር፣ አንድ ምዕራፍ ወንጌል፦ ጅማ ላይ የዕለት ንባቤን ያጸናሁበት መንገድ

መጽሐፍ ቅዱስ ሕያው ቃል ነው ስንል አዲስ ነገር አልተናገርንም፤ ዕብራውያን 4፥12ን ያልሰማ ክርስቲያን የለም። ችግሩ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። ሕያው ከሆነ ይናገራል፤ የሚናገር ደግሞ ሰሚና መላሽ ይፈልጋል። እኔ ብዙ ማንበብን በእግዚአብሔር ፊት ከመቆም ጋር አንድ አድርጌ ነበር የምቆጥረው። ብዙ ምዕራፍ ይነበብና አንድም መልስ ሳይሰጥ መጽሐፉ ይከደናል። አሁን የያዝኩት አካሄድ መጠኑን ቀንሶ መልሱን ጨመረ። ቁጥሩንም፣ ሰዓቱንም፣ የሚበላሽበትንም ቦታ እንዳለ አስቀምጠዋለሁ።

ከቁጥሩ ልጀምር። በቤተ ክርስቲያናችን ዳዊት በሳምንት ይደገማል፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። ከልጅነቱ የለመደው ሰው ይወጣዋል። ሥራ ውሎ ለሚገባ፣ ገና ለሚጀምር ሰው ግን የሰኞው 30 መዝሙር ብቻውን ከአንድ ሰዓት ያልፋል። ብዙዎች ሰኞን ጨርሰው ማክሰኞ ላይ የሚቀሩት ለዚህ ነው። ሥርዓቱ አልከበደም፤ አጀማመሩ ነው የከበደው።

የእኛ ወር 30 ቀን መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል። 150 ሲካፈል ለ30 አምስት ነው። ወር በገባ በ1 ከ1 እስከ 5፣ በ2 ከ6 እስከ 10፣ እንዲህ እያለ በ30 ከ146 እስከ 150። ዳዊት በ15 ንጉሥ የተከፈለ፣ አንዱ ንጉሥም አሥር መዝሙር ስለሆነ፣ በሁለት ቀን አንድ ንጉሥ ይወጣል። ዕልባት አያስፈልግም፤ ቀኑን በአምስት ማባዛት ነው፤ የሚወጣው ቁጥር የዕለቱ መጨረሻ መዝሙር ነው። ጳጉሜን ሲመጣ ከዳዊቱ ኋላ ያሉትን የሙሴን፣ የሐናን፣ የዮናስንና የሌሎቹን ጸሎት አነባለሁ።

ወንጌሉም ይገጥማል። ማቴዎስ 28፣ ማርቆስ 16፣ ሉቃስ 24፣ ዮሐንስ 21፤ ድምሩ 89 ምዕራፍ ነው፤ ሦስት ወር ደግሞ 90 ቀን። መስከረም 1 ማቴዎስን የጀመረ መስከረም 29 ማርቆስን፣ ጥቅምት 15 ሉቃስን፣ ኅዳር 9 ዮሐንስን ይይዛል፤ ኅዳር 29 ይጨርሳል፤ ኅዳር 30 ባዶ ይቀራል። ታኅሣሥ 1፣ መጋቢት 1 እና ሰኔ 1 እንደገና ከማቴዎስ ይጀመራል። በዓመት አራት ጊዜ ማለት ነው። በበዓላትና በዐቢይ ጾም ሳምንታት ግን ሰሌዳውን ትቼ ግጻዌው (የየዕለቱን ንባብ የሚወስነው የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ) ያዘዘውን አነባለሁ። ቤተ ክርስቲያን መጻጉዕን (በጾሙ የሚታሰበውን በሽተኛ) እየዘመረች እኔ ቤቴ ሌላ ምዕራፍ ላይ ብገኝ፣ አንድ ማዕድ ላይ ጀርባ ሰጥቶ እንደመብላት ነው።

ጊዜው ሲለካ፣ አምስቱ መዝሙር ድምፅ አውጥቶ ለሚያነብ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ፣ አንድ የወንጌል ምዕራፍ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ፣ ዝምታውና መልሱ 5 ደቂቃ ይወስዳል። ማቴዎስ 26 (75 ቁጥር) እና ሉቃስ 1 (80 ቁጥር) ግን እጥፍ ይፈጃሉ። ከዳዊቱ ደግሞ ሦስት ቀን ይከብዳል። በ16 መዝሙር 77 አለ፤ 72 ቁጥር ነው። በ21 ከ103 እስከ 105 ሦስት ረጃጅሞች ይከታተላሉ። በ24 ደግሞ 176 ቁጥር ያለው 118 ይመጣል። በወርኃዊ በዓላቱ ስም ኪዳነ ምሕረት፣ ማርያም፣ ተክለ ሃይማኖት ብሎ መያዝ ይቀላል። በእነዚህ ቀናት ግማሹን ለማታ አሳድራለሁ። 118 በ22 የዕብራይስጥ ፊደላት፣ በየፊደሉ ስምንት ስምንት ቁጥር ሆኖ ስለተከፈለ፣ 11 ፊደል ጠዋት፣ 11 ፊደል ማታ ይሆናል።

ስለ ቁጥር ካነሳን፣ ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያደናግረው የመዝሙር አቆጣጠር ነው። እኛ የምንከተለው የሰባ ሊቃናትን (የጥንቱን የግሪክ ትርጉም) ነው፤ ሌሎች ብዙ ትርጉሞች የዕብራይስጡን። የእኛ መዝሙር 9 እነዚያ ዘንድ 9 እና 10 ተብሎ ስለተከፈለ፣ ከዚያ በኋላ አብዛኛው በአንድ ይበልጣል፦ የእኛ 22 የእነርሱ 23፣ 50ው 51፣ 90ው 91። ከ148 ጀምሮ ተመልሶ ይገናኛል። በስልክ ያለው ጽሑፍና የእጅ ዳዊቱ ካልተስማሙ ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ በአንዱ ጀምሮ በአንዱ መጨረስ ነው።

ሰዓቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው። ጅማ ላይ በዚያ ሰዓት አዛኑም የቤተ ክርስቲያኑም ድምፅ ተሰምቶ፣ ባጃጁ ገና አልተነሣም። ስልክ ሌላ ክፍል ያድራል። በስልክ ማንበብ ኃጢአት ሆኖ አይደለም፤ ከላይ መልእክት ብቅ ሲል ዓይን ይሰርቃል፤ የተሰረቀ ዓይን ደግሞ ልብን ይዞ ይሄዳል። ስልክን ለመስማት፣ መንገድ ላይ ለተተረከ ወንጌል እጠቀምበታለሁ።

ጧፍ ይበራል፤ በስመ አብ ይባላል፤ አቡነ ዘበሰማያት ይደገማል። ዳዊቱን በቁም መድገም ደግ ነው፤ ጉልበቱ የከዳው ይቀመጥ። ወንጌሉ ላይ ግን እቆማለሁ። በቅዳሴ ዲያቆኑ «ቁሙ ወአጽምዑ» (ቁሙ፣ አድምጡም) ብሎ የሚያስነሣን ንጉሥ ሲገባ ስለሚቆም ነው፤ ቤት ውስጥ የሚነበበውም ያው ወንጌል ነው። ወረቀትና ቀለም አናመልክም፤ ስንሳለመው የምንሳለመው በውስጡ የሚናገረውን ነው።

ድምፅ ማውጣት ግዴታ ነው እላለሁ፤ በሹክሹክታም ቢሆን። መዝሙር 1 በግዕዝ «ወዘሕጎ ያነብብ መዓልተ ወሌሊተ» (ሕጉን በቀንና በሌሊት የሚያነብ) ሲል፣ ቃሉ የወጣው ነበበ፣ ማለትም ተናገረ፣ ከሚለው ነው። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሠረገላው ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ የሰማው ድምፁን አውጥቶ ስላነበበ ነው። በዓይን ብቻ የሚያነብ ሰው የሚያውቀውን ዘሎ ያልፋል፤ አፍ ግን መዝለል አይችልም። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለውን ቀስ ብሎ በአፉ የሚል ሰው «ዬ» ላይ ሲደርስ የሚገጥመው ነገር አለ።

ዋናው ሥራ ከዚህ ወዲያ ነው። ከተነበበው ሁሉ አንድ ቁጥር ይያዛል። ሁለት አይደለም። ምሳሌ ዮሐንስ 5 ይሁን። 38 ዓመት የተኛው ሰው ፊት ጌታ ቆሞ «ልትድን ትወዳለህን?» ይለዋል። በሽተኛው አዎን አላለም፤ «ሰው የለኝም» አለ። ይህን ምዕራፍ ስለ ቤተ ሳይዳ ለማወቅ ማንበብ ይቻላል፤ መልካም ነው። እግዚአብሔር ፊት ለመሆን ግን ጥያቄው ወደ አንባቢው መዞር አለበት፦ እኔን ነው የጠየቀኝ፤ ምን እመልሳለሁ? ከዚያ መልሱ በራስ ቋንቋ፣ በአጭሩ፣ ድምፅ ወጥቶ ይነገራል። ለመናገር የሚያሳፍረውም ጭምር፤ «አልፈልግም፣ ለምጄዋለሁ» ማለትም መልስ ነው። ቀጥሎ አምስት ደቂቃ ዝም። በዝምታው ሐሳብ ሲሸሽ ያንኑ ቁጥር አንዴ መድገም ይመልሰዋል። በወንጌል ጌታ የጠየቃቸው ጥያቄዎች ለጀማሪ ከሁሉ ይቀላሉ፤ ጥያቄ መልስ ይጎትታልና።

ደብተርም አለ፤ በቀን ከአንድ መስመር አይበልጥም፦ ቀን፣ ምዕራፍና ቁጥር፣ የተመለሰው መልስ። መስመሩ ገጽ ሲሆን ሰው ለራሱ መስበክ ይጀምራል፤ ያኔ ጸሎቱ አለቀ። በወሩ መጨረሻ 30 መስመር ሲነበብ፣ የትኛው ነገር ላይ አምስት ጊዜ «በኋላ» እንደተባለ ራሱ ይታያል።

አሁን ስሕተቶቹ። የመጀመሪያው መጽሐፉን ዓይን ጨፍኖ ገልጦ፣ ጣት ያረፈበትን ጥቅስ የዕለት ዕጣ ማድረግ ነው። ልሂድ ወይስ ልቅር፣ ልግዛ ወይስ ልሽጥ ተብሎ የሚገለጥ መጽሐፍ ስኒ ከማየት የሚለየው በሽፋኑ ብቻ ነው። ከትራስ ሥር አድርጎ ሳያነቡ መተኛትም እንዲሁ። ሁለተኛው መዝሙርን ለእርግማን ሰው ላይ መድገም ነው፤ በ22 የሚመጣው 108ኛው ለዚህ ይፈትናል። አባቶች እንዲህ ያሉትን በሰይጣንና በገዛ ኃጢአት ላይ ነው የሚተረጉሟቸው፤ በ28 የሚመጣው የ136ኛው መጨረሻ ላይ በዓለት የሚፈጠፈጡት ሕፃናትም ገና ሳያድጉ የሚቀጠፉ ክፉ ሐሳቦች ናቸው ይላሉ። ጎረቤትን እያሰቡ 108ን ከመድገም ያን ቀን ዘሎ ማለፍ ይሻላል።

ሦስተኛው ትርጓሜን ማስቀደም ነው። አንድምታ ትልቅ ሀብት ነው፤ ግን ንባቡን ሳይሰሙ ሐተታውን መክፈት እንግዳን በር ላይ አቁሞ ስለ እርሱ ከጎረቤት እንደመጠየቅ ነው። መጀመሪያ ንባቡ፣ ቀጥሎ አንድምታው፣ ያልገባው ደግሞ ወደ መምህር። ጃንደረባውም «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ነው ያለው፤ ብቻውን አልተረጎመም።

ምንም የማይሰማበት ቀን አለ፤ ብዙ ቀን አለ። እኔ ይህን እንደ ውድቀት መቁጠሬ ከሁሉም በላይ ጎድቶኛል፤ ስሜት ካልመጣ ንባብ እጨምር ነበር፤ ድካም ብቻ አተረፍኩ። ቅዱስ አትናቴዎስ ለማርቄሊኖስ በጻፈው ደብዳቤ መዝሙር ለሚዘምረው እንደ መስተዋት ነው ይላል፤ ነፍሱን ያይበታል። በመስተዋት ደረቅ ፊት ከታየ ጥፋቱ የመስተዋቱ አይደለም። በደረቅ ቀን መልሱ «ዛሬ ምንም አልሰማሁም» ይሆንና በደብተሩ ይጻፋል። ደግሞ የኤማኁሱን መንገደኞች ማስታወስ ነው፤ መጻሕፍቱ ሲከፈቱላቸው ልባቸው ተቃጠለ፣ ጌታን ያወቁት ግን እንጀራው ሲቆረስ ነው። የቤት ንባብ ወደ ቅዳሴና ወደ ቁርባን ካላደረሰ መንገድ ላይ ቀርቷል።

በቤት የሚነበበው ለብቻ ብቻ አይደለም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከአምስት እስከ ሰባት ሰው ሆነን ቡና ላይ እናነባለን፤ ረቡዕና ዓርብ በጾሙ ምክንያት አይመችም። ቡናው እየተቆላ ወንጌሉ ይነበባል፤ አቦል ላይ እያንዳንዱ የያዘውን አንድ ቁጥር ይናገራል፤ ቶና ላይ ጥያቄ፤ በረካ ላይ ጸሎት። ሕጉ አንድ ነው፦ ማንም አይሰብክም። አንዱ ሲያስረዝም ቡና የምታፈላዋ «ጀበናው ወረደ» ስትል ያበቃል። ከሰብሳቢም ከሰዓትም ይልቅ ይህ ሠርቶልናል።

ጅማ ነውና አንድ ሰው በአፋን ኦሮሞ ደግሞ ያነባል። በኢሉባቦር ሁሩሙ የተወለደው ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሠርቶ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ በአፋን ኦሮሞ ተርጉሞ በ1899 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አሳትሟል፤ ያኔ በግዕዝ ፊደል ነበር። በሁለተኛው ቋንቋ ሲነበብ በአማርኛ ልማድ ሆኖ ያለፈ ቃል ይነቃል። እረኛ «ትክሴ» ሲባል፣ ከብት ጠብቀው ያደጉት ዝናቡንና ጅቡን አስታውሰው ይናገራሉ፤ ሌላው ዝም ይላል።

መጽሐፉ ራሱም እንክብካቤ ይሻል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብ የጅማ እርጥበት የቆዳ ሽፋን ላይ ነጭ ሻጋታ ያወጣል። ከውጭ ግድግዳ ጋር አላስጠጋውም፤ በፕላስቲክም አልጠቀልለውም፤ ፕላስቲክ እርጥበቱን ያፍናል። ሻጋታ ሲታይ በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ደጅ ላይ መጥረግ፣ ጥላ ውስጥ ገልጦ ማናፈስ። ፀሐይ ላይ ማስጣት ማጣበቂያውን ያደርቀውና ቅጠሉ ይነቀላል። የራሰ ገጽ መካከል ያልተጻፈበት ወረቀት ተደርጎ በየጥቂት ሰዓቱ ይለወጣል። ጧፉ ከመጽሐፉ ክንድ ያህል ይራቅ፤ የተንጠባጠበ ሰም ሳይቀዘቅዝ አይነካም።

ቀን ሲዘለል፣ መዘለሉ አይቀርም፣ ያለፈውን ለማካካስ አልሞክርም። የሦስት ቀን ዕዳ 15 መዝሙርና ሦስት ምዕራፍ ነው፤ ያን ሊከፍል የተቀመጠ ሰው እያነበበ ሳይሆን እየከፈለ ነው፤ በአራተኛው ቀን ደግሞ ይሸሻል። ዛሬ 17 ከሆነ መዝሙሩ ከ81 እስከ 85 ነው።