በይደር

ዝናቡ ማታውን ሙሉ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲደበድብ ቆይቶ ድንገት ጸጥ ሲል፣ የነሐሴ መጨረሻ በየዓመቱ የሚያመጣብኝ ስሜት ዛሬም መጣብኝ። ያልተቋጩ ነገሮች ሁሉ ተሰልፈው የሚታዩኝ በዚህ ወቅት ነው። የተቀመጥኩት የቡድናችንን የሥራ መከታተያ ሰሌዳ ለነገው ስብሰባ ላሰናዳ ነበር፤ «ለጊዜው የቆሙ» በሚለው ዓምድ ሥር አንድ አንድ ሥራ የተጻፈባቸው 14 ካርዶች አሉ፣ ለእያንዳንዳቸውም ግምታዊ የመቀጠያ ቀን መስጠት የእኔ ድርሻ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ሳልቸገር ጨረስኩ። ሥዕል የምትሠራልን ልጅ በወሊድ ፈቃድ ላይ ናት፤ ከወሊድ በኋላ የሚሰጣት 90 ቀን መቼ እንደሚያልቅ ስለሚታወቅ ካርዷን ኅዳር ላይ አኖርኩት። የመስክ ጉዞ የሚጠብቁት ሁለቱ ደግሞ ጭቃው እስኪደርቅ ነውና ከመስቀል በኋላ አልኳቸው። አራተኛው ካርድ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ይህ ሥራ የቆመው ከአንድ መሥሪያ ቤት የፈቃድ ደብዳቤ እየጠበቅን ስለሆነ ነው፤ ደብዳቤው በሳምንትም በስድስት ወርም ሊመጣ ይችላል። ሰሌዳው ግን ቀን ይጠይቃል፣ ቀን ከሌለውም ካርዱ በቀን መቁጠሪያው ላይ ጨርሶ አይታይም።

ያለፈው ዓመት መስከረም ትዝ አለኝ። ያኔም ለቆመ አንድ የድምፅ ትምህርት፣ ቦታው ባዶ እንዳይሆን ብቻ፣ መስከረም 20 ብዬ ጻፍኩ። በልቤ ቀኑ «ምናልባት» ነበር፤ በሰሌዳው ላይ ግን ያንን ምናልባት የሚያሳይ አንድም ምልክት አልነበረም። የመስክ ባልደረባችን ቀኑን አይቶ፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ በምትገኝ ቀበሌ ለሚኖሩ እናቶች ማዳመጡ በዚያ ቀን እንደሚጀመር ነገራቸው። እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው፣ አንዳንዶቹም የሁለት ሰዓት መንገድ በእግራቸው ተጉዘው መጡ፤ እኛ ግን ቀረጻውን እንኳ አልጀመርንም ነበር። ስልክ ሲደውልልኝ አልተቆጣም። «አንቺ የጻፍሽው ቀን ስለሆነ ነው እኮ ያመንኩት» ብቻ አለኝ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀን የሚጻፍበትን ቦታ ባየሁ ቁጥር፣ ምን እንደተባለላቸው ሳያውቁ ወደ ቤታቸው የተመለሱት ሴቶች በዓይኔ ይመጡብኛል።

እኛ ለዚህ ነገር የራሳችን ቃል አለን፤ በይደር። በፍርድ ቤትም ሆነ በስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ «በይደር የተያዘ» ሲባል፣ ጉዳዩ አልተዘጋም፣ አልተወሰነበትምም፣ እንዲያድር ተደርጓል ማለት ነው። ቃሉ ከማደር የመጣ በመሆኑ አንድ ሌሊት በውስጡ አለ፤ ነገሩ ሌሊቱን አሳልፎ ጠዋት ዓይን ሊያርፍበት ይገባል፣ ጠዋት መወሰኑ ግን ግዴታ አይደለም። በሰሌዳችን ላይ የጎደለው ይህ ልዩነት ይመስለኛል። ለቆመ ሥራ የምንሰጠው ቀን ሥራው የሚጀመርበት ሳይሆን እኛ ተመልሰን የምናየው ቀን ቢሆን ኖሮ፣ ማንም በእሱ ተማምኖ ሰው አይጠራበትም ነበር።

ይህን ችግር ያሰቡበት ሰዎች መኖራቸውን ሳውቅ ደስ ብሎኝ ነበር። ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት የተባለው የሥራ ዕቅድ ማውጫ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2010 እትሙ፣ ቀናቸውን ፕሮግራሙ አስልቶ ሳይሆን ሰው ራሱ በሚያስገባላቸው ሥራዎች ላይ በቀን ፋንታ ቃል እንዲጻፍ ፈቅዷል፤ «ደብዳቤው ሲመጣ» ብሎ ጽፎ ማለፍ ይቻላል ማለት ነው። በዚያው እትም አንድን ሥራ ከዕቅዱ ሳይሰርዙ፣ የሌሎቹን ሥራዎች ቀንና የሰዎችን ጊዜ እንዳይነካ አድርጎ ማስተኛት የሚቻልበት መንገድም ገባ። የእኛ ሰሌዳ ይህ የለውም፤ ቀኑ ሲያልፍ ካርዱ ቀይ ይሆናል፣ ቀይ ቀለም ደግሞ ጥፋተኛ ይፈልጋል። አለቃችን ግን ቀን የሌለው ሥራ የተረሳ ሥራ ነው ይላሉ፣ እውነታቸውንም ነው፤ አምና ቀን ሳንሰጣቸው የተውናቸው ሁለት ካርዶች ዓመት ሙሉ ማንም ሳይጠይቅባቸው ቆይተዋል።

ከኮምፒውተር በፊት በጽሕፈት ቤቶች የነበረው ዘዴ ከሁሉም ይበልጥ ልቤን ይነካዋል። 43 የወረቀት አቃፊዎች ይዘጋጃሉ፤ 31ዱ ለወሩ ቀናት፣ 12ቱ ለወራቱ። ዛሬ የማይሠራ ወረቀት ተመልሶ ሊታይ በሚገባው ቀን አቃፊ ውስጥ ይገባል፤ በየማለዳው የዕለቱ አቃፊ ይከፈታል፣ ወረቀቱ ይታያል፣ ጊዜው ካልደረሰም ያለ ምንም ቀይ ቀለም ወደ ሌላ አቃፊ ይሻገራል። አንድ ማታ ይህን ዘዴ በእኛ አቆጣጠር አሰላሁት፤ 30 ቀንና 13 ወር፣ ድምሩ ያው 43 ሆነ። ለምን እንደዚያ ደስ እንዳለኝ ዛሬም በትክክል መናገር አልችልም፤ ብቻ ጳጉሜን የራሷ አቃፊ እንዳላት ሳስብ፣ በየዓመቱ ለቆሙ ሥራዎች የምንሰጣት እሷን ቢሆን እላለሁ። አሁን ጳጉሜን 3 ብዬ ሳስብ ሰሌዳው ሴፕቴምበር 8 ብሎ ይጽፈዋል፣ እንደማንኛውም የሥራ ቀን።

ስለዚህ ዛሬ ከደብዳቤው ካርድ ጀምሮ አሠራሬን ለወጥኩ። የካርዱ ርእስ መጀመሪያ ላይ «በይደር» የሚል ቃል አስገባሁ፤ ከሥሩም ለምን እንደቆመ፣ ማን ደውሎ እንደሚጠይቅ፣ ቀኑም የመታያ እንጂ የመጀመሪያ ቀን አለመሆኑን ጻፍኩ። በአንድ ካርድ ላይ ይህን ሁሉ መጻፍ አሥር ደቂቃ ይወስዳል፤ ይውሰድ። ዘጠኝ ካርዶች በዚህ መንገድ ቀን አገኙ፤ አንዱን ግን የቆመበትን ምክንያት ለመጻፍ ስሞክር ምክንያቱን ማናችንም እንደማናውቀው ስለገባኝ፣ እንዲዘጋ ነገ ሐሳብ አቀርባለሁ።

የቀረው የጋሼ ካርድ ነው። ትረካውን በድምፃቸው ሊያነቡልን ጀምረው ሦስተኛው ክፍል ላይ ሳሉ ታመሙ፤ ካርዱ ላይ «እስኪሻላቸው» ተብሎ ተጽፏል፣ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። አሁንም የቡድኑ አባል ስለሆኑ፣ በካርዱ ላይ ቀን ከተጻፈ መልእክቱ ወዲያውኑ ስልካቸው ላይ ይደርሳል። ጥቅምት ብዬ ብጽፍ፣ አልጋቸው ላይ ሆነው የምንጠብቃቸው መሆናችንን አንብበው ይበረቱ ይሆን፣ ወይስ ያልደረሱበት ሌላ ቀጠሮ ሆኖ ይከብዳቸው ይሆን? ባዶውን ብተወው ደግሞ ከሁሉም ካርዶች ቀን ያጣው የእሳቸው ብቻ መሆኑን ያያሉ፤ እሳቸው እንዲህ ያለውን ነገር አያልፉትም። ልደውልላቸውና ራሳቸውን ልጠይቃቸው ይሆን? ጥያቄውስ ቢሆን ያው ቀን መጠየቅ አይደለም ወይ?