በአዲሱ ዓመት አሳማው ይመለስልን

ሹራቡ ወይን ጠጅና ወርቃማ ነው፤ ደረቱ ላይ አንድ ትልቅ «ኤም» አለበት። ለብሼው ከኮዬ ፈጬ ወደ ቃሊቲ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ስገባ ረዳቱ «ቡናዬ!» ብሎ ይቀበለኛል። የቡና ደጋፊ መሆኔ እውነት ስለሆነ አላስተባብልም፤ እሱም ሂሳብ አይቀንስልኝም። ሹራቡ ግን የኢትዮጵያ ቡና አይደለም። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን፣ የጎፈርስ ነው። አዎ፣ ያ የራስ ቁር አድርገው እየተላተሙ የሚጫወቱት። ጎፈር ደግሞ መሬት እየቆፈረ የሚኖር፣ የእኛን ፍልፈል የሚመስል እንስሳ ነው። ሌላው ቡድን ጭልፊትና ተኩላ ሲመርጥ የእኛዎቹ ፍልፈል መረጡ። ገና ከዚህ ነው የወደድኳቸው።

ታላቅ እህቴ ሚኒያፖሊስ ከገባች ቆይታለች። ልጇ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ከትምህርቱ ቀድሞ የለመደው ስታዲየሙን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማሪዎቹ መቀመጫ ሆኖ በቴሌግራም ድምፅ ይልክልኛል፤ መጀመሪያ ላይ ጩኸት እንጂ ሌላ የሚሰማኝ ነገር አልነበረም። አማርኛው ስብርብር ያለ ነው፤ የእኔም የፉትቦል እውቀት እንደዚያው ነበር። እሱ ሕጉን ሲያስረዳኝ እኔ ግስ እያረምኩለት ሁለታችንም ተማርን። አሁን በአራት ሙከራ አሥር ያርድ መግፋት፣ ተችዳውን (ኳሱን ይዞ የመጨረሻውን መስመር ማለፍ)፣ ፊልድ ጎል (በቋሚዎቹ መሃል በእግር መምታት) የሚባለውን ሁሉ በእንቅልፍ ልቤ ብትጠይቁኝ እመልሳለሁ።

«የዩኒቨርሲቲ ቡድን ምን ያህል ቢሆን ነው?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። የእኛ ስታዲየም ከ50 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል፤ እንደ ትንሽም የሚቆጠር ነው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ከ107 ሺህ በላይ ያስተናግዳል። ተማሪዎች የሚጫወቱትን ለማየት!

መደበኛው የውድድር ዘመን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይጀምርና ኅዳር ላይ ያልቃል። እዚያ ቅዳሜ ረፋድ 11 ሰዓት ላይ የሚጀመር ጨዋታ (የሰዓት አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው) እዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ተመስገን ነው፤ እራት እየበላሁ እከታተላለሁ። የማታ ከሆነ ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ኅዳር ሲቃረብ ደግሞ ሰዓታቸውን ስለሚያዞሩ አንድ ሰዓት ይጨመርብናል። እንዲህ በጨለማ ስከታተል ሰፈራችን መብራት ከሄደ የሚቀረኝ የስልኬ ባትሪ ነው። ባትሪ ለመቆጠብ ቪዲዮውን ትቼ ቁጥሩን ብቻ ማየት ለምጃለሁ፤ ቁጥሩ ሳይቀየር ሲቆይ የሚሰማውን ጭንቀት ቪዲዮ የሚያይ ሰው አያውቀውም።

ወደ ነገሬ ልግባ። ያለፈው የውድድር ዘመን፣ የ2025 (ዓመቶቹን በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው)፣ ስምንት አሸንፈን አምስት ተሸነፍን። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው «ደህና ነው» ይላል። ውስጡን ስታዩት ግን ያስቃልም ያስለቅሳልም። በሜዳችን ሰባት ተጫውተን ሰባቱንም አሸነፍን። ከሜዳችን ውጪ አምስት ተጫውተን አምስቱንም ተሸነፍን። ስምንተኛው ድል በገለልተኛ ሜዳ፣ በመጨረሻው የቦውል ጨዋታ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ደህና ለሠሩ ቡድኖች የሚዘጋጅ ነው)፣ ኒው ሜክሲኮን በጭማሪ ሰዓት 20 ለ 17 ነው። ኔብራስካን በሜዳችን 24 ለ 6 ያንበረከከ ቡድን በሳምንቱ አዮዋ ሄዶ 41 ለ 3 ተደበደበ። ኦሃዮ ስቴት 42 ለ 3፣ ኦሪገን 42 ለ 13። የኦሪገኑን ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ነው የተከታተልኩት፤ ባልነሳ ይሻለኝ ነበር። ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ኖርዝዌስተርን ነው፤ 38 ለ 35። ድባቅ ሲመቱህ ትተኛለህ፤ በሦስት ነጥብ ስትሸነፍ ግን ጣሪያ ላይ እንዳፈጠጥክ ይነጋል።

ስለዚህ የመጀመሪያ ምኞቴ ይህ ነው፦ ሰው ሜዳ ሄደው አንድ ጨዋታ ያሸንፉልኝ። የትም ይሁን፣ ማንንም ይሁን። ተስፋዬ ኳርተርባኩ፣ ማለትም ማጥቃቱን የሚመራውና ኳሱን የሚወረውረው ልጅ ላይ ነው። ድሬክ ሊንድዚ አምና ገና ወጣት ነበር፤ በሜዳው ደጋፊው ከጀርባው ሲሆን የተረጋጋ፣ ሰው ሜዳ ላይ በሃምሳ ሺህ ሰው ጩኸት ሲከበብ ግን እድሜው የሚታወቅበት። ይህ ደግሞ በልምድ የሚስተካከል ነገር ነው። እግር አለኝ ብሎ ሮጦ የሚያመልጥ ዓይነት አይደለም፤ ቆሞ አይቶ የሚወረውር ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ሁለተኛ ዓመቱ ላይ ነው የሚታየው።

ሁለተኛው ምኞቴ አሳማው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ታሪኩን የነገርኩት ሰው ሁሉ ፈጥረህ ነው ብሎኛል።

ሚኒሶታና አዮዋ ጎረቤቶች ናቸው። በ1934 አዮዋ ውስጥ ሲጋጠሙ የሚኒሶታ ልጆች የአዮዋውን ኦዚ ሲመንስን፣ በዚያ ዘመን ከነበሩት ጥቂት ጥቁር ተጫዋቾች አንዱን፣ እየደጋገሙ መትተው ከሜዳ አስወጡት። የአዮዋ ሰው ቂም ያዘ። በቀጣዩ ዓመት ሚኒሶታ ተመልሳ ስትሄድ የአዮዋው አገረ ገዥ ክላይድ ኸሪንግ ነገሩን የሚያባብስ ቃል ተናገሩ፤ ደም ሊፈስ ነው ተባለ። የሚኒሶታው አገረ ገዥ ፍሎይድ ኦልሰን ምን አደረጉ መሰላችሁ? ቴሌግራም (የስልኩን ሳይሆን ያንን የድሮውን የሽቦ መልእክት) ላኩ፤ «እንወራረድ፤ የተሸነፈ ምርጥ አሳማ ይስጥ» የሚል ነው ሐሳቡ። ሰው ሳቀ፤ ነገሩ በረደ። ጨዋታው በሰላም አለቀ፣ ሚኒሶታ 13 ለ 6 አሸነፈች፣ ኸሪንግም ሮዝዴል ከሚባል እርሻ የመጣ የእውነት አሳማ እየነዱ የኦልሰን ቢሮ ድረስ ወሰዱ። አሳማው በባለድሉ አገረ ገዥ ስም ፍሎይድ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ በበሽታ ሞተ። ከነሐስ የተሠራው ምስሉ ግን እስከ ዛሬ ዋንጫ ነው፤ 44 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ያሸነፈው ተሸክሞት ይሮጣል።

ለእማዬ በስልኬ ፎቶውን ሳሳያት አማተበች። «ዋንጫ ጠፍቶ ነው? በስመ አብ!» አለችኝ። እህቴን በቪዲዮ ስታገኛት ደግሞ «ልጅሽን ምን ውስጥ ነው የከተትሽው?» ብላ አፋጠጠቻት። እኔ ግን ልቤ የተነካው ከአሳማው ይልቅ በቴሌግራሙ ነው። ሁለት ሹማምንት ሕዝብ ሊፋጅ ሲል ቀልድ ጣል አድርገው ነገር ሲያበርዱ ማየት ያስቀናል። በእኛ ሊግ ሁለት ደጋፊ ሲቋሰል ማን በምን እንደሚወራረድ እንጃ። በበግ ቢሆን እኔ አንዷን እግር አዋጣለሁ።

ለማንኛውም አሳማው አሁን አዮዋ ነው። ከ2015 እስከ 2022 በተከታታይ እነሱ ጋር ቆየ። በ2023 12 ለ 10 አሸንፈን ወሰድነው። ያኔ አዮዋዎች በመጨረሻው ደቂቃ ኳሱን መልሰው ነጥብ አግብተው ዳኛ ሻረባቸው፤ እስከ ዛሬ ያማርራሉ፣ ያማርሩ። በቀጣዩ ዓመት መለሱት፤ አምና ደግሞ ያው 41 ለ 3። የሚቀጥለው ግጥሚያ ግን በእኛ ሜዳ ነው። በሜዳቸው አንድም ያልተሸነፉ ልጆች አዮዋን በሜዳቸው ካላሸነፉ መቼ ሊያሸንፉ ነው?

መጥረቢያው በእጃችን ነው። እሱ ከዊስኮንሲን ጋር የምንቀማማው ዋንጫ ነው፤ እጀታው ላይ የየዓመቱ ውጤት ተጽፎበታል፣ ያሸነፈ ቡድን ተሸክሞት ሮጦ የጎሉን ቋሚ የሚቆርጥ መስሎ ይጨፍራል። ዊስኮንሲን ከ2004 እስከ 2017 አሥራ አራት ጊዜ በተከታታይ አሸንፎናል። ካለፉት አምስት ጨዋታዎች ግን አራቱ የእኛ ናቸው፤ የአምናውም 17 ለ 7። መጪው በእነሱ ሜዳ፣ ኅዳር ጽዮን ሰሞን ነው። ከሚሺጋን ጋር ደግሞ በገንቦ ነው የምንጫወተው። በ1903 ሚሺጋኖች ሚኒያፖሊስ መጥተው የውሃ ገንቦ በ30 ሳንቲም ገዝተው፣ 6 ለ 6 ወጥተው፣ ገንቦዋን ረስተው ሄዱ። የእኛዎቹ ሰዎች አግኝተዋት ቀለም ቀብተው ውጤቱን ሲጽፉ የሚኒሶታን 6 ትልቅ፣ የሚሺጋንን 6 ትንሽ አድርገው ጻፉ። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት አይደገፍም? ገንቦዋ ከ2014 ወዲህ ወደ ቤቷ አልመጣችም። በየዓመቱም ስለማንገናኝ እሷን ለጊዜው ሆድ ይፍጃት።

ከእህቴ ልጅ ጋር የምንጣላው እዚህ ጋ ነው። እሱ አሳማና መጥረቢያ አያረካውም፤ ፕሌይ ኦፍ ይላል፤ አሥራ ሁለት ቡድን የሚገባበት፣ የአገሪቱ ሻምፒዮና። «አጎቴ፣ ኢንዲያናን አላየህም እንዴ?» ይለኛል። አይቻለሁ። ኢንዲያና በታሪኩ ከማንም በላይ በመሸነፍ ሲታወቅ የኖረ ቡድን ነው። በ2023 ሦስት ብቻ አሸንፎ ዘጠኝ ተሸነፈ። ከርት ሲግኔቲ የሚባል አሠልጣኝ መጣ፤ በ2025 አሥራ ስድስት ተጫውቶ አሥራ ስድስቱንም አሸንፎ፣ ማያሚን 27 ለ 21 ረትቶ የአሜሪካ ሻምፒዮን ሆነ። ልጁ ይህን ይዞ ደረቴ ላይ ይቆማል። ጭራሽ እኛና ኢንዲያና በ1967 ከፐርዱ ጋር የምንወዳደርበትን ሊግ፣ የቢግ ቴንን ዋንጫ ለሦስት ተካፍለን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እነሱም እኛም ደርቀን ከረምን። «እነሱ ጨረሱት፣ ቀጣዩ እኛ ነን» ነው ክርክሩ።

ልጅ ነው። ቡና በ2003 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሲሆን የጨፈርኩትን እኔ አውቃለሁ፤ «ከዚህ በኋላማ በየዓመቱ ነው» ሲባልም ነበርኩ። ጎፈርስም ድሮ ጉድ ነበሩ፤ ከ1934 እስከ 1936 ሦስት ዓመት ተከታትለው የአገሪቱ ሻምፒዮን፣ የመጨረሻው በ1960። ትናንት ግን አንድ ያርድ አያስኬድም።

ደግሞ ዘመኑ የገንዘብ ነው። ከ2025 ሐምሌ ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎቹ ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ ተፈቅዷል፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ሌላው ሌላው የማስታወቂያ ገንዘብ ከዚያ ውጪ ነው። ተጫዋቹ ደግሞ በየዓመቱ ቡድን መቀየር ይችላል። ልጆቹ ማግኘታቸው ተገቢ ነው እላለሁ፤ በእነሱ ጉልበት ሌላው ሁሉ ሲከብር ኖሯል። ግን እንደ እኛ ያለ መካከለኛ ቡድን ልጅ አሳድጎ ለሀብታም ያስረክባል። ኢንዲያና እኮ በምኞት ብቻ አልበላም፤ ጥሩ አሠልጣኝ አገኘ፣ ከዚያ ገንዘቡ ተከተለ።

የእኛ አሠልጣኝ ፒ ጄ ፍሌክ ከ2017 ጀምሮ አለ። መፈክሩ «ጀልባውን ቅዘፉ» ነው፤ ሹራብ ላይ፣ ግድግዳ ላይ፣ አፉ ላይ። መጀመሪያ ላይ አዳራሽ ተከራይተው «ትችላለህ!» እያሉ የሚያስጮሁንን ሰዎች አስታውሶኝ ጠልቼው ነበር። በኋላ የእህቴ ልጅ እንደነገረኝ ሰውየው በ2011 ጨቅላ ልጁን በልብ ሕመም አጥቶ ነው ይህን ቃል የያዘው። ከዚያ ወዲህ ዝም ብያለሁ። በቦውል ጨዋታ ከሚኒሶታ ጋር አንድም ተሸንፎ አያውቅም፤ ሰባት ተጫውቶ ሰባት። በትልልቆቹ ላይ ግን እጁ ይሳሳል፤ አጥቅቶ ከመሸነፍ ተጠንቅቆ መሸነፍን ይመርጣል። ይህን እንዲተው ነው ሦስተኛው ምኞቴ፣ ከተቆጠረ።

ግምቴን ላስቀምጥ፦ ዘጠኝ ድል። ሁለቱ ከሜዳ ውጪ፣ አንዱ መጥረቢያው። ልጁ አሥር ይላል። ስለዚህ እንደ አገረ ገዥዎቹ ተወራረድን። ዘጠኝና ከዚያ በታች ከሆነ እሱ ለገና ሲመጣ ሙሉውን የሥጋ ሂሳብ ይከፍላል፤ አሥር ከሞላ ደግሞ እኔ ቦሌ ድረስ ሄጄ በዚያ ሹራብ እየዘፈንኩ እቀበለዋለሁ። እህቴ ምስክር ሆናለች። እማዬም ተስማምታለች፤ የሥጋው ዓይነት የሚመረጠው በእሷ ፊት እስከሆነ ድረስ።