የአሮጌ መኪና የመስኮት ጠርዝ እንዴት ወደ ጥቁረቱ ይመለሳል?

በጎንደር ጎዳናዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠሩ ቶዮታዎች ዛሬም በብዛት ይታያሉ። ሞተራቸው ተጠግኖ፣ አካላቸው በባትላሜራ ተስተካክሎና ቀለማቸው ታድሶ ሳለ፣ በመስኮቶቻቸው ዙሪያ ያለው ጥቁር ጠርዝ ግን አመድማ ሆኖ ወይም ተላልጦ ይቀራል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለውን መኪና ጠብቆ መያዝ የምርጫ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ስለ ጠርዙ የምጽፈውም ለውበቱ ብቻ አይደለም። በተላጠው ቀለም ሥር የገባ ውኃ ለሁለትና ለሦስት ክረምት ከተኛ በኋላ በሩን ራሱን ይበላዋል።

ጥቁሩ መልክ የሚገኘው በአብዛኛው ከካርቦን ዱቄት ሲሆን፣ ይህም በማዕድ ቤታችን ጣሪያ ላይ ከሚጠራቀመው ጥላሸት ጋር ዘሩ አንድ ነው። ጥላሸት በፀሐይ አይደበዝዝም፤ የሚሰባበረው ጥላሸቱን አቅፎ የያዘው ፕላስቲክ፣ ጎማ ወይም ቀለም ነው። አልትራቫዮሌት ጨረር የላይኛውን ስስ ሽፋን ሲያደቅቀው ገጹ ሸካራ ይሆናል፤ ሸካራ ገጽ ደግሞ ብርሃንን ስለሚበትን ለዓይናችን ግራጫ መስሎ ይታያል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆኗና ጨረሩም በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ጉዳቱ በቆላ ካለው ይብሳል። በሚያዝያ አጋማሽ ፀሐይ በእኩለ ቀን ልክ በአናታችን ላይ ስትሆን ጥላ የሌለው ቦታ የቆመ መኪና ምን እንደሚደርስበት መገመት አያዳግትም። በዚህ ላይ የበጋው አቧራ አለ፤ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ደግሞ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ከመፈግፈግ ብዙም አይለይም።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ጠርዙ ከምን እንደተሠራ ነው፤ ሰዎች ገንዘባቸውን የሚያባክኑት አንድ ስፕሬይ ገዝተው ሁሉንም ጥቁር ነገር በእርሱ ሲያዳርሱ ነው። በአንድ መኪና ላይ ቀለም የተቀባ ብረት፣ በብረት ላይ የተለጠፈ ጥቁር ስቲከር፣ ቀለም ያልነካው ፕላስቲክና ጎማ አራቱም ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ። ምርመራው ቀላል ነው። አውራ ጣትን በጠርዙ ላይ ጫን አድርጎ መጎተት ነው፤ ጣት ላይ ግራጫ ዱቄት ከቀረ ፕላስቲክ ወይም ጎማ ሳይሆን አይቀርም። በጥፍር ሲነካ ቅርፊት ቅርፊት እያለ የሚነሳው ቀለም ነው። ጫፉ ተጠቅልሎ፣ ከሥሩ ቀጭን የአቧራ መስመር ይዞ፣ ሲስቡት እንደ ቆዳ የሚከተለው ስቲከር ነው። ከተበላሸ ሬዲዮ የወጣ ማግኔት ከተገኘ ደግሞ ከሥሩ ብረት መኖር አለመኖሩን ወዲያው ያሳያል።

በየሰፈሩ የሚመከሩት መፍትሔዎች ጥቂት ናቸው፤ የተቃጠለ ዘይት፣ ቫዝሊን፣ የሊስትሮ ቀለም። ሦስቱም ለአንድ ሳምንት ያጠቁራሉ። ዘይቱ ግን ጎማውን ያሳብጠዋል፣ ቫዝሊኑ አቧራ ይሰበስባል፣ የጫማ ቀለሙም በመጀመሪያው ዝናብ በበሩ ላይ ይወርዳል። የመኪና አጣቢዎች የሚረጩት የሲሊኮን ማብረቂያ ከእነዚህ ይሻላል፤ ሆኖም ወደፊት ቀለም የመቀባት ሐሳብ ያለው ሰው ቢርቀው ይመረጣል፤ ሲሊኮን የነካው ቦታ ቀለም ሲረጭበት ክብ ክብ ባዶ ጉድጓድ እየፈጠረ አልይዝ ይላል።

ቀለም የተቀባው ብረት ብዙ ልፋት ይጠይቃል፤ ውጤቱም ከሁሉ የሚቆየው የእርሱ ነው። በላርጎና በውኃ ከታጠበ በኋላ ከመፈግፈጉ በፊት መስታወቱን በድርብ የወረቀት ፕላስተር መሸፈን ያስፈልጋል፤ የብርጭቆ ወረቀት መስታወትን ከጫረ ጭረቱ አይጠፋም። የተላጠው ዳር በ320 ቁጥር ወረቀት ይላጋል፤ መለኪያው ዓይን ሳይሆን ጥፍር ነው። ጥፍር ከቀለሙ ወደ ብረቱ ሲንሸራተት ደረጃ ካገኘው አዲሱ ቀለም ያንን ደረጃ አጉልቶ ያሳየዋል። ከዚያ ሁሉንም ይበልጥ ለስላሳ በሆነው በ600 ቁጥር ማለስለስ ይገባል። ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚሠሩ አንድ አረጋዊ ቀለም ቀቢ አሉ፤ በመስኮቱ የታችኛው ማዕዘን ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል ቡናማ ነጥብ አይቼ «ጋሼ፣ ይቺን በፕራይመር አንሸፍናትም?» ብላቸው (ፕራይመር ከቀለም በፊት የሚቀባው የሥር ሽፋን ነው)፣ ካቻቢቴያቸውን አውጥተው ጫር አደረጓት። የአውራ ጣት ስፋት ያለው ቀለም ረግፎ ወደቀ። «ልጄ፣ ዝገቱን ሳትጨርስ የቀለሙን ክዳን አትክፈት» አሉኝ። ዝገት እስከሚያበራው ብረት ድረስ መፈግፈግ አለበት፤ እርቃኑን የቀረው ብረትም በዚያው ቀን ፕራይመር ሊነካው ይገባል።

አሸፋፈኑ ከአረጫጨቱ ይበልጣል ብል አላጋነንኩም። ፕላስተሩ ከጎማው ሥር እንዲገባ የጎማውን ከንፈር በጠፍጣፋ ነገር፣ ለምሳሌ በአሮጌ የባንክ ካርድ፣ ቀና ማድረግ ይጠቅማል። ጋዜጣው ድርብ ይሁን፤ ነጠላው ያሳልፋል። ስፕሬይ ጉሙን ሩቅ ስለሚወስድ ኮፈኑንና ጣሪያውንም መሸፈን ደግ ነው። የስፕሬዩ ቆርቆሮ በደንብ ተንጦ፣ ከ25 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት፣ መርጫው ጠርዙ ከመጀመሩ በፊት ተጭኖ ጠርዙ ካለቀ በኋላ የሚለቀቅ ሲሆን፣ ሦስት ስስ እጅ በየመካከሉ 10 ወይም 15 ደቂቃ እያሳረፉ መርጨት ከአንድ ወፍራም እጅ ይሻላል። ፕላስተሩ የሚነሳው ቀለሙ ለእጅ ከደረቀ በኋላ፣ ነገር ግን ሳይጠነክር ነው፤ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ ዳሩን ይዞ ይላጣል። ድምቀቱን በተመለከተ ሰሚ ግሎስ የሚባለውን፣ በመጠኑ የሚያበራውን፣ እመርጣለሁ። ሙሉ ግሎስ የተቀባ የመስኮት ጠርዝ መኪናውን የሠርግ አጃቢ ያስመስለዋል፤ ጨርሶ የማያበራው ማት ደግሞ የእጅ አሻራ ይይዛል።

ጊዜው ከመስቀል በኋላ ያለው ደረቅ ወቅት ቢሆን መልካም ነው። በክረምት እርጥበቱ ቀለሙን ያነጣዋል። ከቀኑም ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ጀምሮ የከሰዓቱ ነፋስ አቧራ ይዞ ሳይነሳ መጨረስ ይመከራል፤ ብረቱ ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነ ቀለሙ ሳይተኛ ስለሚደርቅ ገጹ ይሸክራል።

በሁለቱ በሮች መካከል ባለው ቋሚ ላይ የሚገኘው ስቲከር በፀጉር ማድረቂያ እየተሞቀ፣ ወደ ራሱ እየታጠፈ ቀስ ተብሎ ከተሳበ አብዛኛው ሳይበጠስ ይነሳል። የቀረው ማጣበቂያ በነጭ ጋዝ በተነከረ ጨርቅ ይለቃል፤ ነጭ ጋዝ ግን ቅባት ስለሚተው ኋላ በላርጎ፣ ከዚያም በአልኮል ማጥራት የግድ ነው። ቦታው ጠፍጣፋ ስለሆነ ከመቀባት ይልቅ ማስታወቂያ ሠሪዎች ከሚጠቀሙበት ስቲከር አስቆርጦ መልሶ መለጠፍ ይቀላል። ለደጅ የተሠራውን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ርካሹ በአንድ በጋ ተሰብስቦ ዳሩ ይከፈታል።

ፕላስቲኩን መቀባት የሚፈልግ ሰው ከጀርባው ፒፒ (PP) የሚል ምልክት ካየ፣ ይህ ፕላስቲክ ቀለም የማይቀበል ዓይነት መሆኑን ይወቅ፤ ቀለም እንዲይዝ የሚያደርገው ልዩ ፕራይመር ካልተገኘ መተው ይሻላል። በእሳት ወይም በሙቅ አየር አሙቆ ማጥቆርም ይቻላል፤ ለጥቂት ወራት ይሠራል፣ እጅ ከቆየበት ግን ፕላስቲኩን ያጣምመዋል።

ጎማውን፣ በተለይም መስታወቱ ሲወጣና ሲወርድ የሚታከከውን፣ ፈጽሞ መቀባት አይገባም። ጎማ ይተጣጠፋል፤ ቀለሙ አብሮት ስለማይተጣጠፍ ይሰነጠቃል፣ ቅርፊቱም ከመስታወቱ ጋር እየተፋተገ ይጭረዋል። ያልተሰነጠቀውን በሳሙና አጥቦ፣ በደንብ አድርቆ፣ የሲሊኮን ቅባት በጨርቅ ስስ አድርጎ ማሸት ይበቃዋል። የተሰነጠቀውን መቀየር ነው። በጎንደር መለዋወጫ ቤቶች ካልተገኘ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ከተፈቱ መኪኖች ይገኛል፤ የሚላከው ሰው አሮጌውን ናሙና ይዞ ይሂድ፣ በላዩም የየትኛው በር እንደሆነ ይጻፍበት፤ የፊት ግራው ለፊት ቀኙ አይሆንም።