የድራማ መክፈቻ፦ በጉም ላይ የሚነበብ ስም

የምንሠራው ተከታታይ ድራማ መክፈቻ አለቀ። ርዝመቱ 38.4 ሰከንድ ነው፤ 12 የስም ካርዶች (በምስሉ ላይ እየመጡ የሚሄዱ የባለሙያ ስሞች) አሉት። ደብረ ብርሃን ውስጥ በትልቅ ቴሌቪዥንም፣ መስታወቱ በተሰነጠቀ ስልክም ታይቶ ሁሉም ስም ተነቧል። ይህን የመጨረሻ ነገር እንደ ቀላል የሚያይ ሰው በሚንቀሳቀስ ምስል ላይ ፊደል አስቀምጦ አያውቅም ማለት ነው። ስለዚህ ቀረጻውንና ሙዚቃውን ቶሎ ቶሎ አልፌ ስሞቹ ላይ እቆያለሁ።

በቅድሚያ አንድ አቋም ላስቀምጥ። መክፈቻ ታሪክ አይተርክም። ሥራው ሁለት ነው፦ ወጥ ቤት ያለው ሰው ድምፁን ሰምቶ «ጀመረ» ብሎ እንዲመጣ መጥራት፣ የመጣውም ሰው የት አገር እንዳለ ወዲያው እንዲያውቅ ማድረግ። ዕድሜ ጠገቦቹን ተመልከቱ። የእንግሊዙ ኮሮኔሽን ስትሪት እ.ኤ.አ. በ1960 ተጀምሮ እስከ ዛሬ የሚታወቀው በሠራተኛ ሰፈር ጣሪያዎች ነው። በ1985 የጀመረው ኢስትኤንደርስ ምሥራቅ ለንደንንና የቴምዝ ወንዝን ጥምዝ ከሰማይ ያሳያል። የአሜሪካው ዴይስ ኦቭ አወር ላይቭስ ከ1965 ጀምሮ የአሸዋ ሰዓት ይዞ ቀርቷል። የአውስትራሊያው ኔበርስ ግን ለረጅም ጊዜ የሰፈሩን ሰዎች ፊት እያሳየ ነው የከፈተው፤ እንዲህ ያለ መክፈቻ ተዋናይ በወጣና በገባ ቁጥር እንደገና ይቆረጣል። ለእኛ አቅም ይህ አይሆንም። ተዋናይ በድራማው መካከል ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ሊገባ ይችላል፤ የሰሜን ሸዋው ተራራ ጣርማበር ግን የትም አይሄድም። ደግሞ እጁን አጣምሮ ቀስ ብሎ ወደ ካሜራ የሚዞር ተዋናይ ማየት ሰልችቶኛል። ይህን ደግሞ ሁላችሁም በልባችሁ ትስማማላችሁ።

ምስሎቹ ስድስት ናቸው፤ ከሩቅ ወደ ቅርብ ይመጣሉ። መጀመሪያ ከጣርማበር ጫፍ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው ገደል። ቀጥሎ በጉም ውስጥ ከመኪና መንገዱ ዋሻ የሚወጣ የጭነት መኪና፣ በጓሳ ሣር የተከደነ የመንዝ የድንጋይ ቤት፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ በርኖስ፣ ገብስ የሚቆላ እጅ። በመጨረሻ የተዘጋ በር፤ ርዕሱ የሚወጣው እዚያ ላይ ነው። ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሣም፤ እዚህ አገር ደግሞ አያስፈልግም፤ ገደሉ ጫፍ ላይ ትራይፖድ ያቆመ ሰው ከሰማይ እንዳየ ይቀርጻል። ካሜራው ሲዞር አንድ ነገር ከምስሉ አንድ ጠርዝ ወደ ሌላው ለመድረስ ቢያንስ 7 ሰከንድ ይፍጅበት። ከዚያ ከፈጠነ ተራራው ይንቀጠቀጣል።

ካሜራው በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ መዝጊያው (ሻተሩ) 1/50 ሰከንድ ላይ ይሁን። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በ1/60 የተቀረጸ የቤት ውስጥ ምስል ላይ የብርሃን ሞገድ ይመጣል። ስልክ ካልነገሩት 30 ፍሬም ነው የሚቀርጸው፤ ያንን 25 ውስጥ ስትከቱት መኪናው እየተደናቀፈ ይሄዳል። ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ላይም ምንም ምስል ከማስገባታችሁ በፊት ፕሮጀክቱን 25 አድርጉት፤ ከገባ በኋላ እሺ አይልም። የደጋው ብርድ ባትሪ ይበላል፤ ትርፉን ባትሪ ከጋቢው ሥር፣ ከሰውነት ጋር ያዙት። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ የቀዘቀዘው ሌንስ ሞቃቱን አየር ሲያገኝ ላብ ያወጣል፤ ካሜራው በተዘጋ ቦርሳ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ።

ሙዚቃው ላይ አንድ ስሌት ብቻ ልንገራችሁ፤ ብዙ ጣጣ ያድናል። የእኛ ጭፈራ ምት በ6/8 ነው፤ እያንዳንዱ ምት ለሦስት ይከፈላል። በ25 ፍሬም ላይ በደቂቃ 100 ምት ከመረጣችሁ አንድ ምት ልክ 15 ፍሬም ይሆናል፤ ሲሦው 5 ፍሬም። መቁረጫው ሁሉ ሙሉ ቁጥር ላይ ያርፋል። 120 ከመረጣችሁ አንድ ምት 12.5 ፍሬም ይሆንና አንዱ ቆረጣ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ይመጣል፤ ተመልካቹ ምን እንደሆነ ባያውቅም ይጎረብጠዋል። የእኛ መክፈቻ 64 ምት ነው፦ 8 ምት ለገደሉ፣ 12 12 ምት ለመካከሎቹ አራት ምስሎች፣ 8 ምት ለርዕሱ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምቶች ብቻውን ለሚጣራ ማሲንቆ ይሰጡ። ቅኝቱ አምባሰል ነው፤ ትዝታ በየድራማው ተደጋግሞ መጥሪያነቱ ጠፍቷል። ከበሮ በስልክ ድምፅ ማጉያ አይሰማም፤ በዚያው ምት ላይ ጭብጨባ ደርቡበት። የድምፅ መጠኑን ለቴሌቪዥን −23፣ ለዩቲዩብ −14 ሉፍስ (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) አድርጋችሁ ሁለት ፋይል አውጡ፤ ጣቢያው የራሱ ልክ ካለው የጣቢያውን ተከተሉ።

አሁን ወደ ፊደሉ።

በመክፈቻ ላይ ስም የሚበላሸው በሦስት ቦታ ነው። የመጀመሪያው ቀለበቷ ናት። የአምስተኛው ቤት ፊደል እግሩ ሥር ትንሽ ቀለበት አለው፦ ቤ፣ ጌ፣ ጤ፣ ዴ። ምስሉ ሲታመቅ (ፋይሉ እንዲያንስ ሲጨመቅ) የቀለበቷ ውስጥ ይደፈንና ጭረት ትመስላለች፤ ቤ «ቢ» ሆነ ማለት ነው። ጌጤ ጊጢ ስትባል ቤተሰቡ ሁሉ ይስቃል፤ ባለስሟ ግን አትስቅም። ሁለተኛው ራሱ ላይ ያለው ምልክት ነው፦ ሰና ሸ፣ ተና ቸ፣ ደና ጀ፣ ነና ኘ የሚለዩት አናታቸው ላይ ነው። የፊደሉ አናት በቤቱ ክዳን ጠርዝ ወይም በተራራው መስመር ላይ ካረፈ ምልክቱ ከመስመሩ ጋር ይዋሃዳል፤ ደጀኔን ደደኔ ያደርገዋል። ሦስተኛው የካዕብና የሣልስ ጭረት ነው፤ ኑ ወገቡ ላይ፣ ኒ እግሩ ላይ ይዘረጋል። ጭረቱ ከቀጠነ ሁለቱም «ነ» ይሆናሉ።

ምክንያቱ ሒሳብ ነው። ምስላችሁ ቁመቱ 1080 ፒክሰል ነው፤ በደካማ ኔትወርክ የሚያየው ሰው ግን 360 ነው የሚያየው፤ ማለትም ሁሉ ነገር በ3 ይካፈላል። በመጽሐፍ ቅርጽ የተሠሩት እንደ ኒያላ ያሉ ፎንቶች ወፍራምና ቀጭን ጭረት ያፈራርቃሉ፤ በወረቀት ላይ ውበታቸው ይኸው ነው። ቀጭኑ ጭረት 3 ፒክሰል ከሆነ ስልኩ ላይ 1 ይቀራል፤ ከማመቂያው በኋላ ደግሞ ያቺም የለችም። ስለዚህ ሕጉ፦ ቀጭኑ ጭረት በ1080 ላይ ቢያንስ 6 ፒክሰል ይሁን። ምስሉን 400 ፐርሰንት አጉልታችሁ ፒክሰሉን ቁጠሩት።

እኔ የምመርጠው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ነው። ጭረቱ እኩል ነው፤ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ብዙ ውፍረት አለው፤ ነፃ ነው። ለስሙ 72 ፒክሰል ቁመት በግማሽ ደማቅ፣ ለሥራው ድርሻ («ደራሲ»፣ «አዘጋጅ») 48 ፒክሰል በደማቅ። ብዙ ሰው ትንሹን ጽሑፍ ያቀጥነዋል፤ ተገላቢጦሽ ነው፣ ያነሰ ፊደል መወፈር አለበት። ግን እጅግ አታወፍሩት፤ በጣም ወፍራሙ ላይ ጭ እና ቋ ውስጣቸው ይደፈናል፣ ቀለበቷም ከላይ እንዳልኩት ትጠፋለች። በእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ፊደል የሚባል ስለሌለ ቅድሚያ የምንሰጠው በመጠንና በውፍረት ብቻ ነው። በቀለም ለመለየት የሞከረ መክፈቻ የሠርግ ቪዲዮ ይመስላል።

ፊደሎቹን ማራራቅ ሌላው በሽታ ነው። በላቲን ፊደል ቀጭን ሆኖ ተራርቆ የተጻፈ ስም ያምራል፤ ከውጭ ድራማዎች የተቀዳውም ከዚያ ነው። ፊደላችን ላይ ሲደረግ ግን የሰውዬው ስም የት አልቆ የአባቱ የት እንደሚጀምር አይታወቅም። ከ5 ፐርሰንት በላይ አታራርቁ። ማራራቅ ግድ ከሆነባችሁ በስምና በአባት ስም መካከል ሁለት ነጥብ (፡) አስገቡ፤ ድሮም ሥራዋ ይኼው ነው፤ ለርዕስም ግርማ ትሰጣለች። በፕሮግራም ጉልበት የተጋደመ ፊደል ግን በምንም ምክንያት አትጠቀሙ። ሊወድቅ የተቃረበ አጥር ይመስላል።

ጀርባው ላይ ያለው ነገር ቀጥሎ ይመጣል። ነጭ ፊደል በጉም ላይ፣ በነጭ ጋቢ ላይ፣ በውርጭ ላይ አይነበብም፤ ሰሜን ሸዋ ደግሞ ሦስቱም ሞልተዋል። ብዙዎች ፊደሉን በጥቁር መስመር ይከቡታል፤ መስመሩ ወደ ውስጥም ስለሚገባ ቀለበቷን ይበላታል። የሚሻለው ለስላሳ ጥላ ነው፦ ርቀቱ 0፣ ብዥታው 12 ፒክሰል፣ ጥቁረቱ 60 ፐርሰንት። ሪዞልቭ ላይ ተራውን ጽሑፍ ትታችሁ ቴክስት ፕላስ የሚባለውን ያዙ፤ ጥላውን ለብቻው ማስተካከል ይቻላል። ከጥላው በታች ደግሞ የምስሉን የታች ሲሦ ከ0 ወደ 35 ፐርሰንት ቀስ በቀስ የሚያጠቁር ሽፋን ጣሉ። ጉሙን ስትቀርጹ ራሱ ከ70 ፐርሰንት ብሩህነት እንዳያልፍ አሳንሱት፤ አንዴ ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ጉም በኋላ ቢያጠቁሩት አመድ ነው የሚሆነው።

አንድ ካርድ 4 ምት፣ ማለትም 60 ፍሬም ይቆያል፦ በ5 ይገባል፣ 50 ይቆማል፣ በ5 ይወጣል። ስም ስክሪን ላይ እያለ ምስል አይቆረጥ፤ ለዚህ ነው እያንዳንዱ ምስል ልክ ሦስት ካርድ እንዲይዝ 12 ምት የተሰጠው። ከግራና ከቀኝ 96 ፒክሰል፣ ከላይና ከታች 54 ፒክሰል ባዶ ተዉ፤ አሮጌ ቴሌቪዥን ጠርዙን ይቆርጣል።

የስም ዝርዝሩን በስልክ ጥሪ አትቀበሉ። ኃይሉ በየትኛው «ኀ» ነው? ፀሐይ በየትኛው «ጸ»? ባለስሙ ራሱ በእጁ ይጻፍ። ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የቆዩ ፎንቶች የተየበ ዝርዝር ከመጣላችሁም በቀጥታ አትለጥፉት፤ ያ አሠራር ከስሩ የላቲን ኮድ ስለሆነ ፎንቱ ሲለወጥ ዝብርቅርቅ ይወጣል። ወደ ዩኒኮድ (የሁሉም ፊደላት የጋራ ኮድ) ለውጡት ወይም እንደገና ጻፉት። የማን ስም ይቅደም ለሚለው ጸብ ደግሞ መድኃኒቱ በሀ ሁ ተራ መደርደር ነው፤ «ሀ» የሚጀምረው ቢደሰትም «ፐ» የሚጀምር ብዙ ሰው የለም።

ፈተናው ይህ ነው፦ ፋይሉን በ640 በ360 አውጡ፣ ስልክ ላይ ጫኑ፣ እኩለ ቀን ላይ ደጅ አውጡትና ተዋናዮቹን ለማያውቅ ሰው ስጡ። ጮክ ብሎ ያንብብ። የሚያውቃቸው ሰው ፊደሉ ጠፍቶም ከልቡ ያነበዋል፤ ስለዚህ የቡድኑ አባል አይፈትን። የተሳሳተበትን ፊደል ብቻ ጻፉ፤ ብዙውን ጊዜ ቤ፣ ጌ ወይም ጀ ነው።

ያልተፈታልኝ አንድ ነገር ርዕሱ ነው። በሩ ላይ ርዕሱ በ8 ምት ውስጥ ከ100 ወደ 104 ፐርሰንት ቀስ ብሎ እንዲያድግ ተደርጓል፤ አግድም ጭረቶቹ ግን ሲያድጉ ይንቀጠቀጣሉ፣ በተለይ የ«መ» እና የ«ጠ» ወገብ። ምክንያቱ ጭረቱ በየፍሬሙ ከፒክሰል ያነሰ እርምጃ ስለሚሄድ አንዴ በአንዱ መደዳ ሌላ ጊዜ በሁለት መደዳ መሳሉ ነው። 1 ፒክሰል ብዥታ ሲጨመርበት ይረጋጋል፤ ግን ቀለበቷ እንደገና መደፈን ትጀምራለች። ለጊዜው ርዕሱ ቆሞ በሩ ብቻ እንዲቀርብ አድርጌዋለሁ፤ ሆኖም የሚያድግ ርዕስ እወዳለሁ። በሁለት እጥፍ መጠን ሠርቶ ወደ 1080 ማሳነስ ይረዳል ይባላል፤ ኮምፒውተሩ ግን ይጨነቃል። ይህን በ8 ጊጋባይት ራም የሞከራችሁ ካላችሁ ቁጥሩን ጻፉልኝ።