ጢስ ያጣ ቤት

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። እህቴ ደውላ ከምትለው ግማሹ አልተሰማኝም። «የአያታችንን ቤት ሊያፈርሱት ነው» ስትል ግን ሰማሁ።

ያ ጎጆ ውስጥ ዝናብ ድምፅ አልነበረውም። ሣር ክዳን ነዋ! መዝነቡን የምናውቀው በር ላይ ሲንጠባጠብ አይተን ነው። ግድግዳውን በእበት የምትለቀልቀው አያቴ ራሷ ነበረች። ሲደርቅ የጣቶቿ መስመር እንደ ደጋን ጎብጦ ይቀራል። ልጅ ሆኜ በዚያ መስመር ጣቴን እየነዳሁ እከተላት ነበር። ከመደቡ በላይ አንድ ቦታ መስመሩ ድንገት ይቋረጣል። ሰው ጠርቷት ይሆናል እላለሁ።

ስዊድኖች ስቶክሆልም ውስጥ ስካንሰን የሚባል ሙዚየም አላቸው። አርቱር ሃዜሊየስ የሚባል ሰው በ1891 እ.ኤ.አ. ከፈተው። ፋብሪካው የገጠሩን ኑሮ ሳይውጠው ብሎ የገበሬ ቤቶችን ከየአውራጃው እያስፈታ፣ እዚያ መልሶ አስገጠማቸው። ዛሬ 150 ገደማ ቤት ቆሞበታል። ቀናሁባቸው፣ እውነቴን ነው። እኛ የነገሥታቱን ቤት ጠብቀናል። ፋሲል ግቢ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፤ እሰየው። ለዚያ ግቢ እህል ያመርት የነበረው ገበሬ ያደረበት ቤትስ?

የእነሱ ቤት ግን ብዙው ግንድ በግንድ ነው፤ ይፈታል፣ ይገጠማል። የእኛ ጭቃ ነው። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ይረገጣል፣ ከዚያ እንደ ሊጥ እስኪቦካና እስኪሸት ቀናት ይተዋል። ማገሩ ላይ ከተመረገና ከደረቀ በኋላ ማን ፈትቶ ይገጥመዋል?

ደግሞ ክዳኑን ያቆየው ጢስ ነበር። አያቴ ጠዋት ማታ እሳት ታነዳለች። ጢሱ በሣሩ መሃል እየሾለከ ይወጣል፤ ምስጡም ተባዩም አይደፍረውም። ጣሪያው ከውስጥ በጥቀርሻ ጠቁሮ ያብለጨልጭ ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ እሳት ያነደደበት የለም። ክዳኑ በሁለት ክረምት በሰበሰ።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ቤት በአጥር ከልሎ ትኬት መቁረጥ ብቻ አያቆየውም። ምድጃው ዳር ሰው ያስፈልገዋል፤ ቡና የሚያፈላ፣ እንጀራ የሚጋግር፣ በየዓመቱ ግድግዳውን የሚለቀልቅ። ስካንሰን ውስጥም የድሮ ልብስ የለበሱ ሠራተኞች ቤቶቹን ለጎብኚ ሕያው ያደርጓቸዋል። ጎንደር አጠገብ፣ ወለቃ መንገድ ዳር ሸክላ የሚሠሩት ሴቶች ትዝ አሉኝ። ሙያው እጃቸው ላይ ነው። ሣር የሚከድነው ሰው ግን በየመንደሩ እየቀነሰ ነው፤ ሣሩም እንደዚያው። ቆርቆሮ በሚመታ ሰው አልፈርድም። በየክረምቱ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ማደር ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

እኔን የያዘኝ ያ የተቋረጠ መስመር ነው። ምርጉን በቀስታ ብፈነቅለው፣ አንድ ክንድ የሚያህል ቁራጭ ሳይፈረካከስ ይወጣ ይሆን?