የእናቶች ጤና ተመራማሪን የኅትመት ዝርዝር ማንበብ፦ የስድስት ወር ልምምዴ

ላለፉት ስድስት ወራት ከዋናው ሥራዬ ጎን ለጎን የያዝኩት ልምምድ፣ በእርግዝናና በእናቶች ጤና ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎችን የኅትመት ዝርዝር ወስዶ እያንዳንዱ ጽሑፍ ከየትኛው ጥናት እንደ ወጣ መለየት ነው። ስጀምር ሥራው ቆጠራ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ የሰውየውን ስም ፐብሜድ በተባለው የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያ ላይ ጽፌ የሚመጣውን ቁጥር እመዘግባለሁ፣ ከዚያም አበቃ።

የመጀመሪያው ወር በስም ማጣራት አለቀ። አንዲት የማህፀንና ጽንስ ተመራማሪ ከአንድ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ጋር የቤተሰብ ስምም የመጀመሪያ ፊደልም ስለምትጋራ፣ የእርሱን ጽሑፎች ለእርሷ አስመዝግቤላት ነበር። ከ2012 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ኦርኪድ የተባለው ባለ 16 አኃዝ መለያ ይህን ችግር በእጅጉ ያቃልላል፤ ሆኖም ከዚያ በፊት ለወጡ ጽሑፎች ባለቤቱ ራሱ ካላስገባቸው በስተቀር ብዙም አይረዳም። ለእነርሱ የተባባሪ ጸሐፊዎቹን ስምና የሚሠሩበትን ተቋም ማመሳከር ግድ ነው።

ከዚህ የባሰው ስሕተቴ የደረሰው በሦስተኛው ወር ነው። ማግፓይ የተባለው ሙከራ፣ ፕሪኤክላምፕሲያ (ከእርግዝና ጋር የሚመጣ የደም ግፊት ሕመም) ለታየባቸው ሴቶች ማግኒዚየም ሰልፌት የተባለውን መድኃኒት መስጠት ኤክላምፕሲያን (ሕመሙ ሲብስ የሚመጣውን የሚያንቀጠቅጥ ሁኔታ) ይከላከል እንደሆነ በ33 አገሮች የሚገኙ 10,141 ሴቶችን በዕጣ መድቦ የፈተነ ሲሆን፣ መድኃኒቱ የኤክላምፕሲያን ሥጋት ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ ያሳየው ዋናው ውጤት በ2002 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። በ2007 ደግሞ የሕፃናቱንና የእናቶቹን የኋላ ኋላ ሁኔታ የሚመለከቱ ሁለት የክትትል ጽሑፎች ወጡ። እኔ ሦስቱን ሦስት የተለያዩ ሙከራዎች አድርጌ በሰንጠረዤ አስገባኋቸው፤ የተሳታፊዎቹንም ቁጥር ደመርኩት። ሰንጠረዡን ያየችልኝ የሥራ ባልደረባዬ «እነዚህ እናቶች ስንት ጊዜ ነው ለጥናት የተመዘገቡት?» ስትል ጠየቀችኝ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። በተጨማሪም የዋናው ጽሑፍ ጸሐፊ ሆኖ የተመዘገበው የሙከራው ቡድን ስለሆነ፣ በግለሰብ ስም ብቻ የሚፈልግ ሰው የአንድን ተመራማሪ ትልቁን ሥራ ሊስተው ይችላል። ስለዚህ አሁን በሰንጠረዤ የመጀመሪያው ዓምድ የሚይዘው የጽሑፉን ርእስ ሳይሆን የሙከራውን የምዝገባ ቁጥር (ሙከራው በሙከራዎች መዝገብ ሲመዘገብ የሚሰጠውን መለያ) ነው። ከአንድ የምዝገባ ቁጥር ሥር አምስትና ስድስት ጽሑፍ ሲሰለፍ ማየት መጀመሪያ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ምንጩ በግልጽ እስከተጠቀሰ ድረስ ነውር የለበትም፤ አሥር ዓመት የፈጀ ሥራ በአንድ ጽሑፍ አያልቅም።

ከሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ ፕሮቶኮሉን፣ ማለትም የሙከራውን የጽሑፍ ዕቅድ፣ ከውጤቱ ጋር ጎን ለጎን ማንበብ ነው። ዉማን የተባለው ሙከራ ከወሊድ በኋላ ደም ለሚፈሳቸው ሴቶች ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለውን የደም መፍሰስን የሚቀንስ መድኃኒት መስጠት ያለውን ጥቅም የፈተነ ሲሆን፣ ፕሮቶኮሉ የታተመው በ2010፣ ውጤቱ ደግሞ በ2017 ነው። ሲታቀድ 15,000 ሴቶች ይበቃሉ ተብሎ ነበር፤ በመጨረሻ የተሳተፉት ግን ከ20,000 በላይ ናቸው። ቁጥሩ ያደገው፣ ማህፀን የማውጣት ውሳኔ ብዙ ጊዜ ሴቲቱ በዕጣ በምትመደብበት ሰዓት የሚወሰን ሆኖ በመገኘቱ፣ መድኃኒቱ በዚያ ላይ ለውጥ የማምጣት ዕድሉ ጠባብ ስለነበረና በሞት ላይ ያለውን ለውጥ ለይቶ ለማየት ብዙ ሴቶች ስላስፈለጉ ነው። በፕሮቶኮሉ የተቀመጠው ዋና መለኪያ በ42 ቀን ውስጥ በማናቸውም ምክንያት መሞትን ወይም ማህፀን መውጣትን በአንድነት የሚይዝ ሲሆን፣ በዚህ መለኪያ ጉልህ ልዩነት አልታየም። በደም መፍሰስ ምክንያት የሚደርሰው ሞት ግን ከ1.9 ወደ 1.5 በመቶ ዝቅ ብሏል፤ ጥቅሙም ይበልጥ የታየው መድኃኒቱ በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው። ፕሮቶኮሉን ሳላነብ ብቀር ኖሮ የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ይዤ እቀር ነበር።

የአንድን ተመራማሪ ጽሑፎችና የተጠቀሱበትን ብዛት በአንድ ቁጥር ስለሚገልጸው፣ በ2005 ስለ ቀረበው ኤች-ኢንዴክስ ብዙ የምለው የለኝም። የጥቅስን ብዛት ይነግረኛል፤ ተመራማሪዋ ሙከራውን ነድፋው ይሁን ወይም መረጃ ሰብስባበት ግን አይነግረኝም። ለዚያ የምመለከተው በጽሑፉ መጨረሻ ያለውን የየጸሐፊውን ድርሻ የሚገልጽ አንቀጽ ነው፤ ደረቅ ቢመስልም አሁን ከመግቢያው በፊት የማነበው እርሱን ነው።

እስካሁን የሰባት ተመራማሪዎችን ዝርዝር ጨርሻለሁ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በአዲሱ ሰንጠረዥ እንደገና ሠርቻቸዋለሁ። በሚቀጥለው ወር የምይዘው፣ አንድ ተመራማሪ የራሱን ሙከራ ያካተተ የጥናቶች ግምገማ ሲጽፍ የሙከራውን ጥራት የመዘነው ራሱ ይሁን ወይም ሌላ ሰው የሚለውን ነው። ለዚህም በሰንጠረዡ አንድ ባዶ ዓምድ ከፍቻለሁ።