ቡሬ

ዛሬ ከእንቅልፌ ስነሳ ጀምሮ ደብሮኛል። ለምን እንደሆነ እንጃ። ነሐሴ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሯል፣ ታቦር ተራራ ጉም ለብሷል። የኔዋ «ውጣና ተናፈስ፤ ስትመለስ ዓሣ ይዘህ ና» ብላ ገፍታ አስወጣችኝ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወረድኩ።

ዓሣ ሻጩ ልጅ ቆሮሶ ዓሣውን እስኪገፍልኝ አባ ኮዳዎቹን፣ እነዚያን ትልልቅ አሞራዎች፣ ሳይ ቆየሁ። መቼም ታውቋቸዋላችሁ። ራሰ በራ ናቸው፣ ጡረታ እንደወጣ ዳኛ እጃቸውን ወደኋላ ያጣመሩ ይመስላሉ። አንጀት ሲወረወር ነው ክብራቸውን የሚረሱት። አንዱ ዞር ብሎ ትክ ብሎ አየኝ። ይሄኔ ጥጃዬ ትዝ አለችኝ።

ጥጃ ኖሮኝ አያውቅም። ነገሩ እሱ ነው።

ግቢ ሳለን (ያደግሁበትን የሕፃናት ማሳደጊያ ታውቁታላችሁ፣ ስንቴ አውርቼላችኋለሁ) እያንዳንዳችን ስፖንሰር ነበረን። አልጋው፣ ምግቡ፣ ዩኒፎርሙ፣ ደብተሩ ከዚያ ነው የሚመጣው። በዓመት ሁለቴ ደብዳቤ እንጽፍላቸዋለን። እንጽፋለን ስል ከጥቁር ሰሌዳ እንገለብጣለን። «ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በትምህርቴም ጎበዝ ነኝ።» ከሃምሳ ልጅ አርባ ሰባተኛ የወጣሁ ዓመትም ጎበዝ ነበርኩ።

ፎቶም አለ። ለፎቶ የምትለበስ አንዲት ቀይ ሹራብ ነበረች። አንዱ ተነስቶ ሲጨርስ ያወልቅና ለቀጣዩ ያቀብላል። ለትንንሾቹ እጅጌዋ ይታጠፋል። ረጃጅሞቹ እጃቸውን ወደኋላ ይደብቃሉ። ሞግዚታችን እቴቴ በየመሃሉ አንገትጌዋን በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች። እነዚያ ሰዎች ባሕር ማዶ ተገናኝተው ፎቶ ቢተያዩ ምን ይሉ ነበር?

የኔዋ ስፖንሰር የሆላንድ ሴትዮ ነበሩ። አንዴ የውሻቸውን ፎቶ ልከው «አንተስ እንስሳ አለህ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ የእውነቴን ጻፍኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚሁ እየመጣሁ የዓሣ አንጀት የምወረውርለት፣ አንድ እግሩን የሚያነክስ አባ ኮዳ ነበረኝ። ሶሻል ወርከሩ አንብቦ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጠና «አሞራ? ሰዎቹ ምን ይሉናል? ጥጃ አለችኝ በል» አለኝ።

አልኩ።

ሴትዮዋ ስሟን ጠየቁ። ቡሬ አልኳቸው። በዓመቱ አደገች ወይ አሉ። አደገች። ወለደች ወይ? ወለደች። አንድ ገና «ለቡሬ መኖ» ተብሎ ብር መጣ። ለሁላችንም ካልሲ ተገዛበት። ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ ባለሦስት ከብት ጌታ ነበርኩ፣ በወረቀት።

ወላጅ አልባ ልጆችን በማሳደግ የሚታወቁት ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና በ1972 ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄደው፣ ከሞተች እናቷ ጡት ላይ ያነሷትን ሕፃን ይዘው ነው የተመለሱት። ያቺ ሕፃን ጥጃ አለሽ ወይ አልተባለችም። ግን ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ፤ ትዳራቸውም በዚሁ ፈረሰ። ይሄ ሁሉ ልጅ በአንድ ሴት ጓዳ የት ድረስ ይዘለቃል? የሆነ ቀን የሌላ ሰው ብር ያስፈልጋል። ብሩ ሲመጣ ደብዳቤው ይከተላል። በሶሻል ወርከሩ አልፈርድም። አንዳንድ ቀን ግን እፈርዳለሁ።

አሁን ደግሞ እኔ ስፖንሰር ነኝ። ሁለት ዓመቴ ነው። ልጁ ያለው እዚሁ ሐዋሳ፣ በባጃጅ ዐሥር ደቂቃ ነው። ሄጄ አላየሁትም። ባለፈው ሳምንት ደብዳቤው ደረሰኝ። «ለጤናዎ እንደምን አሉ?» ቃል በቃል! መጨረሻው ላይ «አንድ ውሻ አለኝ» ይላል።

እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ውሻ ነው። የእውነት ውሻ ነው? ወይስ ሌላ ነገር ተሰርዞ ነው? ወረቀቱን መብራት ላይ ይዤ አየሁት፣ ስርዝ የለውም። የኔም አልነበረውም። በንጹሕ ወረቀት ነበር የምንገለብጠው።

ቤት ስገባ የኔዋ «ዓሣውስ?» አለች። ከፍዬበት እዚያው ረስቼው መጥቻለሁ። መቼስ አባ ኮዳዎቹ አያሳድሩትም።

ማታ መልስ ልጽፍለት ተቀመጥኩ። እውነቱን ንገረኝ፣ አሞራም ቢሆን ግድ የለኝም ልለው ነበር። ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። አራተኛው ላይ የወጣልኝ «ጠንክረህ ተማር። ለመሆኑ ውሻህ ስሙ ማነው?» የሚል ነው።

ድርጅቱ የኔንም ፎቶ አብሬ እንድልክ ጠይቋል። ቀይ ሹራብ የሚያውሰኝ ይኖራል?